የበለስ ሞላሰስና የላይሲን ባክቴሪያ፦ ያልተጠየቀው ጥያቄ

ግልገል በለስ ላይ ዶሮ የሚያረባ ሰው መኖ ሲገዛ ከበቆሎውና ከፋጉሎው ጋር ከባሕር ማዶ የመጣች ዱቄትም እየገዛ ነው። በመጠን ትንሽ ናት፤ በዋጋ ግን ትንሽ አይደለችም። ውስጧ ካሉት ነገሮች አንዱ ላይሲን ነው። የሰውም የዶሮም አካል ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ በቆሎና ማሽላ ደግሞ የሚያንሳቸው አሚኖ አሲድ ነው። ዓለም ላይሲንን በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ያመርታል፤ የሚያመርተው ባክቴሪያ ነው፣ ምግቡም ስኳር ነው።

እንግዲህ ከመተከል ዞን ጋር በሚዋሰነው የጃዊ ወረዳ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ አለ። ሸንኮራ ባለበት ሞላሰስ አለ። «ታዲያ ላይሲኑን ለምን እዚሁ አናመርትም?» የሚለው ሐሳብ በሴሚናሩም በሻይ ሰዓቱም ይነሳል። ሐሳቡን እኔም እወደዋለሁ። ቅሬታዬ ሐሳቡን ለማገዝ ብለን በምንሠራው ምርምር ላይ ነው።

በገምጋሚነት የደረሱኝ የማስተርስ ጽሑፎች አካሄዳቸው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው አፈር ያመጣል፣ ባክቴሪያ ይለያል፣ በወረቀት ክሮማቶግራፊና በኒንሃይድሪን ሐምራዊ ነጥብ ያያል። ከዚያ ሙቀቱን፣ ፒኤቹን፣ ስኳሩንና ናይትሮጅኑን ተራ በተራ ይቀያይራል። መጨረሻ ላይ «ምርቱ በእጥፍ ተሻሻለ» ይላል። ከምን ተነስቶ ነው በእጥፍ ያደገው? በሊትር ከአንድ ግራም ተነስቶ ሁለት ግራም የደረሰም በእጥፍ ተሻሽሏል እኮ! ልፋቱን አላቃልልም። ፈተናው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

እስኪ በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው። አንዷ ተማሪ በሊትር 100 ግራም ስኳር አስገብታ በ96 ሰዓት 20 ግራም ላይሲን አገኘች። ሌላው 50 ግራም ስኳር አስገብቶ በ48 ሰዓት 18 ግራም አገኘ። በመመረቂያ ጽሑፍ የመጀመሪያዋ ታሸንፋለች። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሁለተኛው ነው የሚያዋጣው። ከአንድ ቶን ሞላሰስ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው ብንል፣ የመጀመሪያዋ ዘዴ 100 ኪሎ ላይሲን ትሰጣለች፤ የሁለተኛው 180 ኪሎ ይሰጣል። በዚያ ላይ ገንዳው በግማሽ ጊዜ ባዶ ይሆናል። የደረሱኝ አብዛኞቹ ጽሑፎች ስንት ስኳር እንደተበላ እንኳ አይመዘግቡም። በዓለም ገበያ ያሉት ዝርያዎች የበሉትን ስኳር ግማሽ ያህል ክብደት ወደ ላይሲን ይለውጣሉ። መወዳደር ያለብን ከእነሱ ጋር እንጂ ትናንት ከለየነው የአፈር ባክቴሪያ ጋር አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ሞላሰሱ ራሱ ነው። ብዙዎቻችን ሞላሰስን «ርካሽ ስኳር» አድርገን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የጃፓኑ ኪዮዋ ሃኮ ኩባንያ ውስጥ ሹኩኦ ኪኖሺታና ባልደረቦቹ ግሉታሚክ አሲድ ወደ ውጭ የሚያፈስ ባክቴሪያ አገኙ፤ ዛሬ ኮራይኔባክቴሪየም ግሉታሚከም ይባላል። ይህ ፍጥረት ግሉታሚክ አሲዱን የሚያፈሰው ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ሲያንሰው ነው። የሸንኮራ ሞላሰስ ደግሞ በባዮቲን የበለጸገ ነው። ስለዚህ በሞላሰስ ግሉታሜት ለማምረት የፈለጉ ሰዎች ፔኒሲሊን ወይም የሳሙና ባሕርይ ያለው ኬሚካል እየጨመሩ የባክቴሪያውን ሽፋን ማላላት ነበረባቸው። ላይሲን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባዮቲን በዛ ማለት ባክቴሪያው ስኳሩን በግሉታሜት መልክ አያባክንም ማለት ነው። ሌላ ቦታ ችግር የሆነው የሞላሰስ ጠባይ ለላይሲን ጥቅም ይሆናል። «የበለስ ሞላሰስ ለምን ይሆናል?» ለሚለው ይህ ከ«ርካሽ ነው» የተሻለ መልስ ነው፤ ባነበብኳቸው ጽሑፎች ውስጥ ግን አላገኘሁትም።

ዝርያ ማሻሻሉም ቢሆን ከአፈር ፍለጋ በላይ ነው። ተራው ባክቴሪያ ላይሲንና ትሪዮኒን አብረው ሲበዙ አስፓርቶካይኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ይዘጋዋል፤ ለራሱ የሚበቃውን ያህል ሠርቶ ያቆማል። ጃፓናውያኑ ሆሞሰሪን መሥራት የማይችል ዝርያ መረጡ። እሱ ከሌለ ትሪዮኒንም የለም። ተመራማሪው ትሪዮኒኑን በቁንጥር ይሰጠዋል፣ መዝጊያው ይላላል፣ ላይሲኑ ይፈሳል። ይህ ሥራ ዘመናዊ የጂን መሣሪያ አላስፈለገውም፤ የተፈለገው ባክቴሪያው ለምን እንደሚያቆም መጠየቅ ነበር። ይህን ጥያቄ በእኛም ላብራቶሪ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚያ ሙቀቱ አለ። ባክቴሪያው 30 ዲግሪ አካባቢ ይመቸዋል፣ አየርም በብዛት ይፈልጋል። ስኳር ሲያቃጥል ሙቀት ያወጣል። ትንሿ ብልቃጥ ሙቀቷን በመስታወቷ በኩል ታስወጣለች፤ 50,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ግን አይችልም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግልገል በለስ የቆየ ሰው የቧንቧ ውኃው ለማቀዝቀዣ እንደማይሆን ሳይነገረው ያውቃል። አየሩ ቢቋረጥ ደግሞ ባክቴሪያው ላይሲኑን ትቶ ላክቲክና ሰክሲኒክ አሲድ ወደ መሥራት ይዞራል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ እዚሁ መተከል ውስጥ፣ ጉባ ነው። ኃይሉ ከደጃችን መመንጨቱ ግን ገንዳችን ላይ መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚሆን «ማሻሻል» ሙቀት የሚችል ዝርያ መፈለግ ይመስለኛል። አፈር መለየትም ትርጉም የሚያገኘው ያኔ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን ከራሴው ጋር ያጣላኛል። ፓዌ የእርሻ ምርምር ማዕከል በአኩሪ አተር ሥራው ይታወቃል፤ ሰብሉም በአካባቢው ይበቅላል። 100 ኪሎ በቆሎ ውስጥ ያለው ላይሲን ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። 10 ኪሎ አኩሪ አተርም ያንኑ ያህል ይዟል። በሌላ አነጋገር አንዲት እናት በገንፎ ዱቄቷ ላይ የምትጨምረው ጥቂት የተቆላ አኩሪ አተር፣ ምንም ገንዳ ሳያስፈልግ፣ የላይሲኑን ጉድለት ይሞላል። (መቁላቱ ግድ ነው፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው።) ለልጆች ምግብ ሲባል ብቻ የላይሲን ፋብሪካ ይከፈት የሚል ካለ አልስማማም። ለዶሮ መኖ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያ ላይሲን በንጹሕ መልኩ መግባቱ ፋጉሎ ይቆጥባል። ደግሞም ለመኖ ሲሆን የተብላላውን ፈሳሽ ከነባክቴሪያው ማድረቅ ስለሚቻል ውድ የሆነው የማጣራት ሥራ ይቀንሳል።

ሞላሰሱም ቢሆን ባለቤት የሌለው ቆሻሻ አይደለም። ፊንጫና መተሐራ ኢታኖል አድርገውታል፤ ከብት አድላቢውም ይፈልገዋል። ላይሲን ከእነሱ በላይ መክፈል አለበት።

የሚቀጥለው ተማሪ ቢሮዬ ሲመጣ ከአፈሩ ከረጢት በፊት አንድ ጀሪካን የጃዊ ሞላሰስ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ስኳሩን፣ ባዮቲኑንና ፖታሲየሙን ይለካ፤ ከሌላ ወር ምርት ጋር ያወዳድር። ብልቃጡንም በ30 ብቻ ሳይሆን በ37 ዲግሪም ያስቀምጠው።