ከቅጠል ብብት የሚወጣ አበባ

ጎረቤቴ የሚያሳድጉትን አፍሪካን ቫዮሌት ያየ እንግዳ ሁሉ ዓይኑ ሐምራዊው አበባ ላይ ያርፋል። የእኔ ዓይን ግን ቅጠሎቹን ትቶ አይሄድም። ከመሃል ተነሥተው፣ የላይኛው በታችኞቹ ክፍተት እየገባ፣ አንዱ ሌላውን ሳያጠላበት ዙሪያውን ሞልተውታል። አበባው ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጠው በእነዚህ ቅጠሎች ሥራ ነው።

ተክሉን ብዙ ሰው የፈረንጅ አበባ ይለዋል እንጂ አገሩ ቅርብ ነው፤ የታንዛኒያው ኡሳምባራ ተራራ። እ.ኤ.አ. በ1892 ባሮን ቫልተር ፎን ሴንት ፖል የሚባል ጀርመናዊ እዚያ አግኝቶ ወደ አገሩ ላከው፤ በ1893 ሄርማን ቬንድላንድ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ሴንትፖሊያ አለው። የሚበቅለው በጥላማና እርጥብ አለት ላይ ስለሆነ ጥላ ይወዳል ይባላል። ይህን የሰማ ሁሉ ጨለማ ጥግ ያስቀምጠዋል። ቅጠሉ ይለመልማል፣ አበባው ይጠፋል። ጎረቤቴ በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት፣ ከስስ መጋረጃ ጀርባ አስቀምጠውታል።

እንቡጡ የሚወጣው ቅጠሉ ከግንዱ ከሚጋጠምበት ብብት ነው። አዲስ ቅጠል ካልመጣ አዲስ አበባ የለም። ስለዚህ የጎረቤቴ ልፋት ሁሉ ቅጠሉ ሳይቋረጥ እንዲወጣ ነው። በየብብቱ አንዳንዴ የጎን ቡቃያም ይወጣል፤ እሱ ከተተወ ተክሉ ሁለት ሦስት ራስ ያበጅና ጉልበቱ ይበተናል። ቡቃያውና እንቡጡ ገና ሲወጡ እህል ያህል ስለሆኑ መለየቱ ከባድ ነው። ጎረቤቴ መነጽራቸውን አድርገው ያጎነብሳሉ። ጫፉ ክብ ሆኖ አንገቱን ከደፋ አበባ ነውና ይተዉታል፤ ጥቃቅን ቅጠል ካሳየ በወረንጦ ይነቅሉታል። አጠገቡ ያለው ፀጉራም ቅጠል አይነካም።

ውሃውም እንደዚሁ በጥንቃቄ ነው። ከቧንቧ የተቀዳው ቤት ውስጥ አድሮ ቅዝቃዜው ይወጣለታል። ቀዝቃዛ ጠብታ ቅጠል ላይ ካረፈ የማይለቅ ነጣ ያለ ክብ ምልክት ይተዋልና። ከሥር ባለው ሰሃን ይጨምሩለታል፣ አፈሩ ከጠጣ በኋላ የተረፈውን ይደፋሉ። ባጠጡት ቁጥር ሸክላውን ሩብ ዙር ያዞሩታል፤ ካልዞረ ቅጠሉ ሁሉ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። በክረምት ማታ ማታ ከመስኮቱ አንሥተው ወደ ውስጥ ያገቡታል፤ ብርድ እድገቱን ያዘገየዋል።

«ሰፊ ሸክላ አይገዙለትም እንዴ?» ብያቸው ነበር። «እግሩ ጠበብ ሲልለት ነው የሚያብበው፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የቅጠሎቹ ስፋት 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 8 ሴንቲ ሜትር ሸክላ ይበቃዋል። ትልቅ ከሆነ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀርና ያበሰብሰዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዓመታዊው ሥራቸው ነው። ያረጁት የታች ቅጠሎች እየተነሡ ሲሄዱ ግንዱ አንገቱ ይራቆታል። ያኔ ተክሉን ከነአፈሩ ያወጡና የተራቆተውን አንገት ያህል ከሥሩ በቢላ ይቆርጣሉ። ከዚያም እዚያው ሸክላ ውስጥ፣ ቅጠሉ አፉን እስኪነካ ዝቅ አድርገው ይተክሉታል፤ በላዩ አዲስ ኮምፖስት ይሞላሉ። ያ ሁሉ ሥር ሲቆረጥ ማየት ያስጨንቃል። የተቀበረው አንገት ግን በጥቂት ሳምንታት አዲስ ሥር ይሰድዳል፣ ከመሃልም ቅጠል ይጀምራል።