«መዛባት» ወይስ «ተለዋዋጭነት»? ስለ ልብ ምት መለኪያዎች ስያሜ የቀረበ ሂስ

በአንዱና በሚቀጥለው የልብ ምት መካከል ያለው ክፍተት መለዋወጡን «የልብ ምት መዛባት» ብለው የሚተረጉሙ ጽሑፎች አጋጥመውናል። ስያሜውን አንቀበለውም። «መዛባት» የሕመም ስም ነው፤ የጤናማ ሰው የምት ክፍተት ግን አየር ሲያስገባ ያጥራል፣ ሲያስወጣ ይረዝማል። ሐኪምን የሚያሳስበው የዚህ ለውጥ መኖር ሳይሆን እጅግ ማነሱ ነው። እንግዲህ በሽተኛው የደኅንነቱን ምልክት እንደ ደዌ አንብቦ ቢደነግጥ ጥፋቱ የቃሉ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት፣ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ማኅበራት በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ መመሪያ የተለያዩትን ሁለት መለኪያዎች «አማካይ ልዩነት» በሚል አንድ ስም መጠቅለል ነው። አንደኛው ክፍተቶቹ ከአማካያቸው መራቃቸውን፣ ሁለተኛው ተከታታዮቹ እርስ በርስ መለያየታቸውን ይለካል። 800፣ 850፣ 800፣ 850 ሚሊሰከንድ የሆኑ ክፍተቶችን ከ800፣ 800፣ 850፣ 850 ጋር እናነጻጽር። በአንደኛው መለኪያ ሁለቱ ረድፎች እኩል ናቸው፤ በሁለተኛው ግን የፊተኛው 50፣ የኋለኛው 29 ያህል ይሆናል።

ስለዚህ ለጠቅላላው «የልብ ምት ተለዋዋጭነት»፣ ለአንደኛው መለኪያ «መደበኛ ልይይት»፣ ለሁለተኛው «የተከታታይ ልዩነት ዳግም ዘር» እንዲባል፣ «መዛባት»ም ለበሽታው ብቻ እንዲጠበቅ እናሳስባለን።