ቆርጦ የሚያጫውተው ዲጄ፦ የደብረ ማርቆስ ሠርግና የተሳሳተ ሚዛን

አዲስ አበባ ላይ ስለ ዲጄ ሙያ ሲወራ አንድ መለኪያ ገንኖ ይሰማል፤ ዘፈንን ከዘፈን ስፌቱ እስከማይታይ ድረስ ማያያዝ። በዚህ መለኪያ የደብረ ማርቆስ የጥር ሠርግ ዲጄ ጀማሪ ይባላል፤ አንዱን ዘፈን ድንገት ቆርጦ ሌላውን ይለቃልና። ፍርዱ ትክክል አይደለም። ሰውየው የሚመዘነው በማይሠራው ሙያ ሚዛን ነው።

ማያያዝ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ዲጄ ጥበብ ነው። ፍራንኪ ናክልስ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በቺካጎው ዌርሃውስ ክለብ ካጫወተው ሙዚቃ የተወለደው ሃውስ በአብዛኛው በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ጊዜ ይመታል። መግቢያውና መውጫው ለዲጄው ሲባል በከበሮ ብቻ ይረዝማል፤ ቃሉም ጥቂት ነው። ሁለት ዘፈን ለደቂቃዎች ተደራርቦ ቢሄድ የሚጎዳ ነገር የለም። የሂፕ ሆፕ ዲጄ ግን በሌላ በር ገባ። ኩል ሄርክ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1973 ጀምሮ በብሮንክስ በሚያዘጋጃቸው ድግሶች ጨፋሪው የሚጠብቃትን አጭር የከበሮ ክፍል በሁለት ሸክላ እየደጋገመ አስረዘማት፤ ግራንድማስተር ፍላሽም ቦታዋን ሸክላው ላይ በቀለም እያመለከተ አቆራረጡን አጠራው።

የጎጃም ጭፈራ ለዚህኛው በር ይቀርባል። ችክችካ የስድስት ስምንተኛ ምት ነው። ከሥሩ የሃውስ ከበሮ ቢገባ ትልቁ ምት ይገጥማል፤ በምቶቹ መካከል ያለው ግን ይጋጫል፤ ችክችካው ለሦስት ሲከፍለው ሃውሱ ለሁለትና ለአራት ይከፍለዋል። እስክስታ ወራጁ ትከሻውን የሚሰብቀው በዚያ የሦስት ክፍያ ላይ ስለሆነ ግጭቱን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከምቱም በላይ ቃሉ አለ። ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር አድማጩ ስንኙን ቤት እስኪመታ ድረስ ይጠብቃል። ጎበዙ ዲጄ ይህን ያውቃል። ሁለተኛው ስንኝ ቤት ሲመታ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ፣ ማሲንቆው ከመመለሱ በፊት ይቆርጣል፤ የሚቀጥለውንም ከመግቢያው ሳይሆን ከአዝማቹ ያነሣዋል። ድንኳኑ ሙሉ በአንድ አፍ ይቀበለዋል። ከአንዲት ትንፋሽ የማትበልጥ ክፍተት ናት፤ እሷን በጆሮ ብቻ ማግኘት ደቂቃ ሙሉ ከማደራረብ ይከብዳል። እኔ በአገራችን የዲጄ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ብልሃት አልሰማሁም።

የሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ» (2010 ዓ.ም.) እና የሚካኤል ሰይፉ «ዘላለም» (እ.ኤ.አ. 2016) የአገር ቤት ድምፅና ኤሌክትሮኒክ እንደሚስማሙ አሳይተዋል፤ ነገር ግን ሥራው ከመነሻው በቅንብር የተዋሐደ ነው እንጂ ባለቀ ዘፈን ላይ ከበሮ የተጫነበት አይደለም። ክለብ ውስጥ ሁለቱን የሚያምታቱ ዲጄዎች ዘፈኑንም ጭፈራውንም ያበላሻሉ።

የእኛው ዲጄ ይቅር የማይባል ጥፋት ማይክራፎኑ ነው። ያን ያህል ተጠንቅቆ ያገኘውን ስንኝ «እጅ ወደ ላይ!» እያለ ራሱ ይሸፍነዋል። የሚዜዎቹን ስም መጥራት ካለበት ቃል በሌለበት በከበሮው ላይ ይጥራ፤ ስንኙ ሲጀምር ማይኩን ይዝጋ።