የዘማቹ ደራሲ ምስክርነት፤ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1985 ዓ.ም. በታተመው «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው በጠላት ወረራ ዘመን ያዩትንና የደረሰባቸውን ይተርካሉ። ከራስ እምሩ ጦር ጋር በሽሬ ግንባር ዘምተው፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ተሻግረው፤ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን በሰጡበት ዘመቻ ተማርከው፤ ሰባት ዓመት ያህል በኢጣልያ አገር በግዞት ኖረዋል።

የመጽሐፉ ዋጋ ተራኪው ዘማች ብቻ ሳይሆኑ ደራሲም በመሆናቸው ነው። በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ባላገሮቻቸው ሲማረኩ፤ ፉከራ ከጦርነት ምን ያህል እንደሚርቅ እናያለን። ይህን የጻፈው እጅ ጦርነትን በወሬ ብቻ ያወቀ እንዳልነበረ «ትዝታ» ያስረዳል።

ነገር ግን ይኸው የትረካ ችሎታ ከተመራማሪ ጥንቃቄን ይሻል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የተጻፈ ትዝታ በዕድሜ የተጣራ ነው፤ የሚናገረውም በዘማቹ ወገን ሁኖ ነው። ዘማች ያየውና ጦር የመጣበት ባላገር ያየው አንድ አይደለም። ስለዚህ የጎሬን፤ የጌጫንና የጎጀብን አገር የሚያጠና ተማሪ መጽሐፉን ይዞ፤ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሽማግሌዎች በአገሩ ቋንቋ እየጠየቀ ቢያመሳክር ይገባዋል። የመጽሐፉ ክብር በዚህ አይቀንስም፤ ምስክር የሚጸናው ሁለተኛ ሲጨመርለት ነውና።