የካርል ሞር ታማኞችና የካርል ሞር ንስሓ

የጀርመኑ ደራሲ ፍሪድሪክ ሺለር «ወንበዴዎች» የተባለውን ቴአትሩን በ1781 ዓ.ም. ሲያሳትም ዕድሜው ገና ሃያ አንድ ዓመት ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የጀርመን ነገር የሚነሣበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሺለር በቩርተምበርጉ መስፍን በካርል ኦይገን ትምህርት ቤት ሕክምና ተምሮ የክፍለ ጦር ሐኪም ሆኖ ይሠራ ነበረ። መጽሐፉን ያሳተመው ስሙን ሳይገልጽ በራሱ ገንዘብ ነው። ቴአትሩ በጃንዋሪ 13 ቀን 1782 ዓ.ም. በማንሃይም ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ደራሲው ያለ ፈቃድ ሄዶ ተመለከተ። በዚያው ዓመት እንደ ገና ሳያስፈቅድ ቢሄድ መስፍኑ ዐሥራ አራት ቀን አሰረው፤ ከሕክምና በቀር ሌላ ነገር እንዳይጽፍም ከለከለው። ሺለርም በሴፕቴምበር ወር ከአገሩ ጠፍቶ ሄደ። ይህን ያነሣነው የደራሲውን ሕይወት ለመተረክ ሳይሆን፣ ቴአትሩ በእኛ በተማሪዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ሥራ መሆኑ በየገጹ ስለሚታወቅ ነው። ብርታቱም ጉድለቱም የወጣት ነው።

ቴአትሩን ያነበቡት ጓደኞቻችን ብዙዎቹ የወንበዴዎቹን አለቃ ካርል ሞርን ይወዱታል። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ሁለት ነገር ይጠቅሳሉ፤ አንደኛው ተከታዮቹ እስከ ሞት የታመኑለት መሆናቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው በመጨረሻ በፈቃዱ እጁን ለሕግ መስጠቱ ነው። እኛ ግን ሁለቱ ነገሮች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መስሎ ይታየናል፤ ስለዚህም ነገሩን ቀረብ ብለን ልንመረምረው አሰብን።

ታሪኩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የሽማግሌው የመስፍን ሞር ታላቅ ልጅ ካርል በላይፕሲግ ተማሪ ሳለ በብኩንነት ዕዳ ውስጥ ገብቶ፣ ተጸጽቶም አባቱን በደብዳቤ ይቅርታ ይለምናል። ታናሽ ወንድሙ ፍራንስ ግን በሐሰት ወሬ የአባታቸውን ልብ አሻክሮ ልጁን የሚያባርር ጭካኔ የተሞላ መልስ ይጽፍለታል። ካርልም ደብዳቤውን ባነበበ ጊዜ የአንድን ሰው ክፋት የሰው ልጅ ሁሉ ክፋት አድርጎ ይቈጥረዋል። በዚያው ሰዓት ዕዳና ቅጣት ያስጨነቃቸው ጓደኞቹ ወደ ቦሔምያ ጫካ ገብተን እንዝረፍ ሲሉ ያገኛቸዋል። አሳቡን ያመጣው ሽፒግልበርግ አለቃ ለመሆን ቢመኝም ሰዎቹ የመረጡት ካርልን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃል ጥቂት መናገር አለብን። የቴአትሩ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወንበዴዎች» ነው ወይስ «ሽፍቶች»? በእኛ አነጋገር ሽፍታ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በደል ደረሰብኝ፣ ፍርድ ተጓደለብኝ ብሎ ጫካ የገባ ሰው ነው፤ ሲታረቅ ሹመት ሊያገኝ ይችላል፤ በቋራ ሸፍተው የነበሩት ካሣ ኃይሉም በ1847 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነግሠዋል። ወንበዴ ግን ቀማኛ ነው፤ ሌላ ትርጓሜ የለውም። ካርል ሞር ራሱን የሚያየው እንደ ሽፍታ ነው። ሥራው ግን ሲመዘን የወንበዴ ሆኖ ይገኛል። የቴአትሩ ሐዘን ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ስለ ሆነ፣ አርእስቱን «ወንበዴዎች» ብሎ መተርጐም ይሻላል እንላለን፤ ምክንያቱም ሺለር ራሱ ለጀግናው አልራራለትም።

አሁን ወደ ታማኞቹ እንመለስ። በሁለተኛው ገቢር ራትስማን የተባለው ወንበዴ ስለ አለቃው ሲናገር፣ ካርል ለዘረፋ ብሎ ሰው እንደማይገድል፣ ከምርኮው የሚደርሰውን ሲሶ ለወላጅ አልባ ልጆች እንደሚሰጥ ወይም ተስፋ ያላቸውን ችግረኛ ወጣቶች እንደሚያስተምርበት ያወራል። (በወንበዴ ገንዘብ የተማረ ተማሪ ምን ብሎ እንደሚያመሰግን ሺለር አልነገረንም።) ከዚህ ቀጥሎ የሮለር ነገር ይመጣል። ሮለር ተይዞ ሊሰቀል ሲል ካርል ከተማውን በእሳት አስነድዶ፣ የባሩዱን ግምብ አፈንድቶ፣ ከመስቀያው ሥር ነጥቆ ያወጣዋል። ሰዎቹ በደስታ ሰክረው ሲያወሩ ካርል ስንት ሰው እንደ ሞተ ይጠይቃል። ሰማንያ ሦስት ነው ይሉታል። መሄድ የሚችለው ሁሉ ስቅላቱን ሊያይ ወጥቶ ነበርና በቤት የቀሩት በሽተኞች፣ አራሶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ነበሩ። ሹፍተርለ የተባለው እንዲያውም አንድ ሕፃን አንሥቶ ወደ ነበልባሉ እንደ ጣለ እየሣቀ ይናገራል። ካርል ሹፍተርለን ከጭፍራው ያባርረዋል፤ ብቻውን ሲቀርም አለቅሳለሁ፣ እጠፋለሁ፣ ከጕድጓድ ገብቼ እሸሸጋለሁ ይላል። የእግዚአብሔርን የፍርድ በትር ልሸከም ያልሁ ሕፃን ነኝ ብሎም ራሱን ይወቅሳል።

በእኛ አስተያየት በቴአትሩ ውስጥ እውነተኛው ንስሓ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ተመልካች የለም፤ የሚያደንቀው ሰው የለም። ነገር ግን ወዲያውኑ ጫካው በወታደሮች ተከበበ የሚል ወሬ ይመጣል፤ አንድ ቄስም መልእክተኛ ሆኖ ይገባል። ወንበዴዎቹ ሰባ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ቄሱ የካርልን ኃጢአት እየቈጠረ ሲዘልፈው ካርል ምን ይመልሳል? አዎን፣ ከተማውን አቃጥያለሁ፤ ግምቡንም በመልካም ክርስቲያኖች ራስ ላይ ጥያለሁ፤ ይህም ሁሉ አይበቃም ብሎ የገደላቸውን የታላላቅ ሰዎች ቀለበቶች በጣቱ ላይ እያሳየ ይዘረዝራል። ሹመት የሚሸጠውን ባለሥልጣንና ሕዝብ ያስጨነቀውን ሚኒስትር ሁሉ ያነሣል። ይህን ቦታ ብዙ ሰዎች የቴአትሩ ጫፍ አድርገው ያደንቁታል፤ ንግግሩም በእርግጥ ደም ያሞቃል። እኛ ግን አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ካርል ከጥቂት ደቂቃ በፊት ብቻውን ሆኖ ያለቀሰለትን እሳት አሁን በሰዎቹ ፊት የሚፎክርበት ሆነ። የሞቱት ሰዎች እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ሰሚው ብቻ ነው። ኃጢአቱን ፉከራ ያደረገው የተከታዮቹ ጆሮ ነው።

ቀጥሎ ያለው ትዕይንት ከዚህ ይበልጣል። ቄሱ አለቃችሁን አስራችሁ ብትሰጡ ሁላችሁም ትማራላችሁ ይላቸዋል። ካርልም እንዲቀበሉ ይገፋፋቸዋል፤ እጁ እንኳ እንዳይከላከልላቸው ቀኝ እጁን ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋራ ያስራል። ራሱን ለካሳ ሲያቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሮለር ግን፣ ያው በሰማንያ ሦስት ነፍስ የተገዛው ሮለር፣ ተነሥቶ አለቃውን አሳልፎ የሚሰጥ ውሻ ነው ይላል። የምሕረቱም ወረቀት ተቀደደ፤ ጦርነቱም ሆነ። በጦርነቱ የሞተው ራሱ ሮለር ነው።

እንግዲህ ይህ ታማኝነት ምግባር ነው ወይስ ጥፋት? እኛ ምግባር አይደለም ለማለት አንደፍርም። ሽቫይትሰር ደክሞት ለተኛው አለቃው በባርኔጣው ውሃ ቀድቶ ሲመጣ፣ በሌላ ጊዜም ካርልን ሊገድል ያሰበውን ሽፒግልበርግን ሲቀጣው ስናይ ልባችን ይነካል። ሺለር እነዚህን ሰዎች አሽሟጥጦ አልሣላቸውም። ነገር ግን ታማኝነታቸው የአለቃውን ነፍስ ከሚፈልገው ነገር ይከለክላታል፤ እርሱ መጥፋት፣ መሸሸግ፣ መክፈል ይሻል፤ እነርሱ አብሯቸው እንዲኖር ይሻሉ። ከጦርነቱ በኋላ በዳኑብ ወንዝ ዳር ካርል በሮለር ዐፅም ምሎ ከቶ አልለያችሁም ይላል። በንስሓ ያጣውን ነፃነት በመሐላ ደግሞ አሰረው። በዚያው ቦታ ኮዚንስኪ የተባለ ወጣት ወንበዴ ልሁን ብሎ ሲመጣ ካርል ይመክረዋል፤ ወደ ጥልቁ ከመግባትህ በፊት ተመለስ ይለዋል። ለሌላው በሩን ሲያሳይ እርሱ ራሱ ግን ሊወጣበት አይችልም።

የሽቫይትሰር መጨረሻ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ካርል አባቱ በፍራንስ እጅ በግምብ ውስጥ ተዘግቶ በረኃብ ሊሞት ሲል ካገኘው በኋላ፣ ወንድሙን በሕይወቱ አምጣልኝ ብሎ ሽቫይትሰርን ይልከዋል። ሽቫይትሰር ሲደርስ ፍራንስ በባርኔጣው ክር ራሱን አንቆ አገኘው። ቃሌን አልፈጸምሁም ብሎ ሽቫይትሰር በሽጉጥ ራሱን ገደለ። አለቃው ይህን አላዘዘውም፤ አላወቀምም። ነገር ግን ተከታይ የራሱን ኅሊና አውልቆ ለአለቃው ካስረከበ በኋላ አለቃው በሌለበት ጊዜ የሚያመዛዝንበት ነገር አይኖረውም። (በማንሃይም መድረክ ከታየው ጽሑፍ ላይ ይህ ነገር ተለውጧል፤ ፍራንስ በሕይወቱ ተይዞ ይመጣል። እኛ የታተመውን የ1781ን ጽሑፍ እንመርጣለን።)

የመጨረሻው ትዕይንት ብዙ ያከራክራል። ካርል ማንነቱን በገለጠ ጊዜ ሽማግሌው አባቱ ከድንጋጤ ይሞታል፤ እጮኛው አማልያ ግን ወንበዴ መሆኑን ሰምታ እንኳ ታቅፈዋለች። በዚህ ጊዜ ወንበዴዎቹ ቍስላቸውን ገልጠው መሐላውን ያስታውሱታል። ካርልም አማልያን ይተዋታል፤ እርሷ ከምትተወኝ ግደለኝ ስትል፣ ከሰዎቹም አንዱ ሊተኩስባት ሲል፣ በገዛ እጁ ይገድላታል። ከዚያም ለሰዎቹ ዕዳዬን ከፈልሁ ይላቸዋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ታላቅ መሥዋዕት ነው ብለው ይከራከራሉ። እኛ አንቀበለውም። ሰው የራሱን ዕዳ በሌላ ሰው ነፍስ ሲከፍል ያን መሥዋዕት ብሎ መጥራት ቃሉን ማጐሳቈል ነው። ሰማንያ ሦስት ሰው ለሮለር ተከፈለ፤ አማልያ ለመሐላው ተከፈለች፤ ሒሳቡ አንድ ዐይነት ነው። ካርል እስከዚህ ድረስ ምንም አልተማረም።

የተማረው ከዚህ በኋላ ነው። ሕግን በሕገ ወጥነት ላቀና ማለቴ ከንቱ ነበረ ብሎ ራሱን ለፍርድ ሊሰጥ ይነሣል። ወንበዴዎቹ ይደነግጣሉ፤ አንዱም ይህ የታላቅነት ምኞት ነው፤ ለመደነቅ ብሎ ነው ሕይወቱን የሚጥለው ይላል። ሺለር ተቃዋሚ ሊናገር የሚችለውን በወንበዴ አፍ ማኖሩ ከወጣት ደራሲ የማይጠበቅ ብልኀት ነው። ካርልም ይህን ክስ ሳይክድ፣ ሊደነቁብኝ ይችላሉ ብሎ ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ ሲመጣ በመንገድ ያነጋገረውን አንድ የቀን ሠራተኛ ያስታውሳል። ሰውየው ዐሥራ አንድ ልጆች አሉት፤ ታላቁን ወንበዴ በሕይወቱ ላመጣ አንድ ሺህ የወርቅ ሉዊ ዶር ተወስኗል፤ ያን ሰው ልረዳው እችላለሁ ብሎ ይወጣል። መጋረጃውም ይወርዳል። ይህ የመጨረሻ ሥራ ከቀለበቶቹ ንግግር ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ ስሙ ያልተጠራ አንድ ድኻ፣ የተቈጠረ ገንዘብ። ትንሽነቱ ነው ያሳመነን። ወደ ዳኛው ፊት በፉከራ ቢሄድ ኖሮ ያው የጫካው ካርል በሆነ ነበር፤ ወደ አንድ ድኻ ቤት መሄዱ ግን የሚያጨበጭብለት የሌለበትን መንገድ መምረጥ ነው።

ስለ ወንበዴዎች አለቃ ንስሓ ስናነብ የእኛ አገር አንባቢ ሙሴ ጸሊምን ሳያስታውስ አይቀርም፤ ስንክሳራችን በሰኔ 24 ቀን የሚያስበው በግብፅ በረሓ የመነኰሰው የወንበዴዎች አለቃ ነው። ስለ እርሱ ከሚነገሩት ታሪኮች በአንዱ አራት ወንበዴዎች በበዓቱ ቢመጡበት አስሮ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸው፤ እኔ ሰው መጕዳት አይገባኝምና ምን ላድርጋቸው ብሎም ወንድሞችን ጠየቀ፤ እነርሱም የጥንቱ የወንበዴ አለቃ ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ መነኰሱ። በመጨረሻም አረማውያን ገዳሙን ሊወጉ ሲመጡ ሙሴ አልሸሽም አለ፤ በሰይፍ የኖረ በሰይፍ ይሞታል የተባለውን ቃል ብዙ ዓመት ሲጠብቅ ኖሮ ነበርና። አብረውት የነበሩት ሰባት ወንድሞች እኛም ካንተ ጋራ እንሞታለን ቢሉት፣ ይህ የእኔ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ያስብ ብሎ መለሰላቸው። ሁለቱን ሰዎች ጐን ለጐን ስናቆማቸው ልዩነታቸው በዚች አንዲት መልስ ይታያል። ካርል ተከታዮቹን በመሐላ ያስራል፤ እነርሱም ያስሩታል፤ ሙሴ ግን ሊታመኑለት የመጡትን እንኳ ለገዛ ኅሊናቸው ይመልሳቸዋል። እርግጥ ነው፣ አንዱ የገድል፣ ሌላው የቴአትር ሰው ነው፤ ገድል የሚጀምረው ንስሓው ከተሳካ በኋላ ስለ ሆነ ሺለርን በዚህ መውቀስ አይገባም።

የምንወቅስበት ነገር ግን አለ። ካርል ወደ ቀን ሠራተኛው ሲሄድ ወንበዴዎቹን የት ጣላቸው? በቍስላቸው የገዙት ሰው ዕዳዬን ከፈልሁ ብሏቸው ሄደ፤ እነርሱም በጫካው ውስጥ ያለ አለቃ፣ ያለ ምሕረት ወረቀት ቆመው ቀሩ። በቄሱ ጊዜ ሁሉም ሊማሩ ይችሉ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተዉት ለእርሱ ብለው ነው። ሺለር የቴአትሩን ሁለተኛ ክፍል ለመጻፍ አስቦ ነበረ፤ ጥቂት ረቂቅም ትቶ አልፏል፤ ነገር ግን በ1805 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስ ሳይፈጽመው ቀረ።