ጥላሸት የመሰለው ጋሻ

ናፍጣ ወደ ሞተር የሚረጨው ኢንጀክተር ተፈትቶ መርፌው ሲወጣ፣ አንዳንዱ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር ይታያል። ጥላሸት ይመስላል፤ በጨርቅ ቢፈትጉት ግን አይለቅም። አልማዝ መሰል ካርቦን የሚባል ቅብ ነው። ተመራማሪዎቹ አይዘንበርግና ቻቦት በ1971 እ.ኤ.አ. የካርቦን አዮኖችን ብረት ላይ በማሳረፍ ስላገኙት እንዲህ ያለ ቅብ ጽፈው ነበር።

በመርፌው ላይ ያለው ቅብ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። አተሞቹ ከፊሉ እንደ አልማዝ፣ ከፊሉ እንደ ግራፋይት ስለተያያዙ ይጠነክራልም፣ ያንሸራትታልም። እኔን የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ጠንካራ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱን ይፍቃል፤ ይህ ግን ራሱም ሳይበላ ሌላውንም ሳይበላ ይኖራል። ናፍጣው በ2,000 ባር ግፊት ሲገፋ መርፌውን ከመፋቅ ያድነዋል። ቀዳዳ ከሌለው ዝገትንም ያግዳል። ደካማ ጎኑ ሙቀት ነው፤ ሲበዛበት ወደ ግራፋይትነት ያደላል።