ሹራቡን ገልብጠው ይዩት

በእጅ የተሠራ ሹራብ ሲቀርብልን አብዛኞቻችን የምናየው ፊቱን ነው፤ ቀለሙን፣ አበባውን፣ የአንገቱን አቆራረጥ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ ይገለብጠዋል። ፊት ለፊት የተደረደሩት የክር ቀለበቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው ብዙ ጉድለት ይሸፍናሉ። ጀርባው አይሸፍንም። የሠሪዋ እጅ የት እንደጠበቀ፣ የት እንደላላ፣ የቱ ረድፍ ላይ ሥራውን አስቀምጣ ቡና ልታፈላ እንደተነሣች ሳይቀር ያሳብቃል።

በአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ የክር ነገር እንግዳ አይደለም። ወደ ሳሪስ ሲወርዱ የአደይ አበባ ክር ፋብሪካ አለ፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመርም አንዱን ፌርማታ በዚሁ ስም ይጠራዋል። መካኒሳ በኩል ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሳባሃር ጥጥና ሐር በእጅ ያሸምናል። ሸማኔው ግን ሹራብ ከምትሠራው ሴት የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ድሩን ወጥሮ ነው ሥራ የሚጀምረው። ውጥረቱን ቀኑን ሙሉ የሚጠብቅለት የሽመና ዕቃው ነው። እሷ ጀሞ ወይም ለቡ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ጥቅል ክሯን ፌስታል ውስጥ ከእግሯ ሥር አድርጋ ስትሠራ፣ ክሩን የሚወጥርላት ከገዛ ጣቶቿ በቀር ምንም የለም። ለዚህ ነው የክር መላላት የሹራብ ጀማሪ ሁሉ በሽታ የሚሆነው።

አንድ ነገር ግን ቀድመን እንለይ። የላላ ሥራ ሁሉ መጥፎ ሥራ አይደለም። ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ የአንገት ልብስ ጠብቆ ከተሠራ ይገተራል እንጂ አይወርድም። እንግሊዝ አገር ተወልዳ አሜሪካ የኖረችው ኤልዛቤት ዚመርማን፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ኒቲንግ ዊዝአውት ቲርስ» በተሰኘው መጽሐፏ የምትመክረው እጅን አዝናንቶ መሥራትን ነው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው እኩል የላላ ሹራብ ጨዋ ሥራ ነው፤ ቀጠን ያለ መርፌ ቢሰጧት ያችው ሴት ጠበቅ ያለውን ትሠራለች። ጥፋቱ መለዋወጡ ላይ ነው። ጀማሪ ስትነሣ በፍርሃት ታጠብቃለች፣ ሃያ ሠላሳ ረድፍ ከሄደች በኋላ እጇ ሲለምድ ትለቃለች፤ ቀጥ ብሎ መውጣት የነበረበት የአንገት ልብስ ከታች ጠቦ ከላይ ይሰፋል። ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልግም፤ ሁለት አጥፎ ጫፍና ጫፉን ማጋጠም ይበቃል።

በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፣ ካርቶን ላይ አራቱም ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ቆርጦ ሥራው ላይ ማኖርና በመስኮቱ ውስጥ አግድም ስንት ቀለበት እንደገባ መቁጠር ነው። አንድ ቦታ ብቻ መቁጠር ራስን ማታለል ነው፤ ከታች፣ ከመሐል፣ ከላይ ይቆጠር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አይደለም። 22 ቀለበት በ10 ሳንቲ ሜትር ታስቦ 110 ቀለበት የተጀመረ የሹራብ ፊት 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። እጇ ላልቶ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 19 ብቻ ከገባላት ያው 110 ቀለበት ወደ 58 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከጀርባው ጋር ሲደመር ደረቱ ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ማለት ነው። ለልጅ የታሰበው ለአባትየው የሚሆነው እንዲህ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል ሲባል፣ እናትም አክስትም ጎረቤትም አፋቸው ላይ ያለው መልስ አንድ ነው፤ «ሳብ አድርጊው!» ስለ ሹራብ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ ብዙ ሥራ ያበላሸው ይሄ ይመስለኛል። የቀለበቱን ስፋት የሚወስነው የመርፌው ውፍረት ነው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መርፌ ላይ የተጠመጠመ ክር በዙሪያው ወደ 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ በ3.5 መርፌ ላይ 11 ገደማ። ልኩ እዚያ ላይ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚጎተተው ክር አዲሱን ቀለበት መርፌው ላይ ያንቀዋል፣ ወይም ከጎረቤቱ ቀለበት ክር ይሰርቃል። የታነቀው ቀለበት ውስጥ በሚቀጥለው ረድፍ መርፌ አይገባም። ጀማሪዋ በመርፌው ሹል ጫፍ ትቆፍረዋለች፣ ስትቆፍር ትለጥጠዋለች፣ የተለጠጠው ደግሞ ከጎኑ ካለው ይበልጥ ይላላል። በመጨረሻ የሚወጣው ሥራ አንዱ ጠብቆ አንዱ ተንዠርግጎ የሚታይበት ነው። አንድ ሥራ ላይ የታነቁና የተንዠረገጉ ቀለበቶች ተቀላቅለው ካዩ፣ ሠሪዋ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ አጠገቧ «ሳብ አድርጊ» የሚል ሰው አለ።

ፈውሱ ክሩ ወደ መርፌው የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ክሩ በነፃነት እየተንሸራተተ፣ ግን ሁልጊዜ በትንሹ እየተያዘ መሄድ አለበት። የተለመደው ዘዴ በትንሿ ጣት ላይ አንድ ዙር አዙሮ፣ በሁለቱ ጣቶች ሥር አሳልፎ፣ በጠቋሚ ጣት ላይ ማውጣት ነው። እጇ ደረቅ የሆነና ክሩ የሚያመልጣት ሁለት ዙር ታድርገው፤ እጇን የሚያልባት ምንም ሳታዞር በጣቶቿ መሐል ብታሳልፈው ይበቃታል። ጀማሪዎች ከእያንዳንዱ ቀለበት በኋላ ክሩን ለቀው እንደገና ያነሡታል። በለቀቁ ቁጥር አዲስ ውጥረት ነው የሚጀምሩት፤ መለዋወጡም የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥቅሉም ይታይ። ፌስታሉ ውስጥ ተጣብቆ በየጊዜው ነጠቅ የሚያደርግ ጥቅል፣ የሠለጠነ እጅንም ያሳስታል። ከመጀመሯ በፊት አንድ ሁለት ሜትር ክር አውጥታ ጭኗ ላይ ማኖር ነው።

ጣት እምቢ ካለ ሌላ መላ አለ። በፖርቱጋልና በፔሩ ብዙ ሴቶች ክሩን በአንገታቸው ዙሪያ አሳልፈው ነው የሚሠሩት፤ ውጥረቱን የሚይዝላቸው አንገታቸው ነው፣ ጣት የሚሠራው ክሩን በትንሹ መግፋት ብቻ ነው። ነጠላ ለለበሰች ሴት ይሄ ምን ይከብዳታል? ክሩ ቆዳዋን ሳይፈትጋት በነጠላው ላይ ይንሸራተታል። እዚህ የሚያስተምሩ ሰዎች ለምን እንደማይሞክሩት አይገባኝም።

ሁለተኛው ነገር ሠሪዋ መርፌው ላይ የቱ ቦታ ላይ እንደምትሠራ ነው። ቀለበቱ መሠራት ያለበት የመርፌው ውፍረት እኩል በሆነበት፣ ሹሉ ባለቀበት ቦታ ነው። ከሹሉ ርቀው መሐል መርፌ ላይ ያሉ ቀለበቶችን ወደ ጫፍ ሳያመጡ መሥራት፣ ከዚያም ሁለቱን መርፌዎች ግራና ቀኝ መለጠጥ፣ በየቀለበቱ ትንሽ ትንሽ ክር ያስገባል። የምትሠራን ሴት ቆሞ ማየት የቻለ ዳኛ ክሯን ሳይሆን በሁለቱ መርፌዎች መሐል ያለውን ርቀት ይመልከት። እጆቿ ተቀራርበው የሚሠሩ ከሆነ፣ ሥራው ሳያልቅ ግማሹን ፍርድ መስጠት ይቻላል።

አሁን ወደ ጀርባው እንመለስ፤ እውነተኛው ፈተና እዚያ ነው። በሁለት መርፌ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በሚሠራ ልሙጥ ሹራብ አንዱ ረድፍ በፊት፣ ቀጣዩ በግልባጭ ይሠራል። በግልባጩ ረድፍ ብዙዎች ክሩን የሚያዞሩት በረጅሙ መንገድ ስለሆነ፣ ያ ረድፍ ከፊተኛው ይላላል። ልዩነቱ ከፀጉር አይበልጥም፤ መቶ ረድፍ ሲደጋገም ግን ጀርባው ላይ መስመሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጠጋግተው፣ በየመሐሉ ክፍተት ይታያል። መስኮት ላይ አንሥተው በብርሃን ሲያዩት አግድም አግድም የሚሄዱ ቀጫጭን የብርሃን ጭረቶች ይወጣሉ። ክር ባለመቆጣጠር ከመጣው መላላት የሚለየው ሥርዓት ስላለው ነው፤ አንድ ረድፍ አዎ፣ አንድ ረድፍ አይደለም። የዓመታት ልምድ ባላቸው ሴቶች ሥራ ላይም አይቻለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የግልባጩን ረድፍ በቀጭን መርፌ መሥራት፤ በቀኝ እጅ 4፣ በግራ እጅ 3.5 ሚሊ ሜትር ይዞ፣ ሁልጊዜ በወፍራሙ ፊቱን፣ በቀጭኑ ግልባጩን። ወይም ደግሞ በግልባጩ ላይ ክሩን በአጭሩ መንገድ፣ በተቃራኒው ማዞር፤ ያኔ ቀለበቱ መርፌው ላይ ዞሮ ስለሚቀመጥ፣ በሚቀጥለው ረድፍ ከኋላ በኩል ካልገቡበት ተጠማዝዞ ይቀራል። ወይም በክብ መርፌ ዙሪያውን እየሠሩ ግልባጩን ጨርሶ መተው። ሦስቱም ይሠራሉ፤ ለጀማሪ የምመርጠው ግን የመጀመሪያውን ነው፣ ምክንያቱም እጇን ምንም አዲስ ነገር አያስለምድም።

ስለ ዕቃው አጭር ቃል። የብረት መርፌ ያንሸራትታል፤ የእንጨት ወይም የቀርከሃ መርፌ ክሩን ይይዛል። እጇ ለሚላላ ሰው መርፌ ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ ነገሩን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል። ክሩስ? የበግ ፀጉር ክር ይቅር ባይ ነው፣ ሲታጠብ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ይስተካከላሉ። የመንዝ በግ ፀጉር ግን ሻካራ ስለሆነ ለባናና ለምንጣፍ እንጂ ገላ ለሚነካ ሹራብ አይመችም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ጀማሪ እጅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ አክሬሊክ ነው። አክሬሊክ ደግሞ ይቅር አይልም፤ ታጥቦ አይስተካከልም፣ የላላው እንደላላ ይቀራል።

እዚህ ላይ ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አክሬሊክ ሹራብ የእንፋሎት ካውያ ሲያርፍበት ይለሰልሳል፣ ይተኛል፣ ወጣ ገባው ሁሉ ተደምስሶ ከሩቅ ሲያዩት ሐር ይመስላል። ግን ክሩ ሞቷል፤ ወደ ነበረበት መመለሻ የለውም። ለማወቅ የእጅጌውን ጫፍ በሁለት እጅ ለጥጦ መልቀቅ ነው። እንደ ላስቲክ የሚሳበው ጠርዝ ቶሎ ካልተሰበሰበ፣ ወይ በጣም ላልቶ ተሠርቷል ወይ ካውያ አግኝቶታል። ሁለቱንም አይግዙ። ጥሩ ሠሪ ጠርዙን ከሌላው ገላ ባነሰ መርፌ ነው የምትሠራው፣ ለዚህም ነው ከዓመት በኋላ እንኳ አንጓ ላይ የሚይዘው።

የጎን ጠርዝ ሲንዠረገግ ደግሞ ጀማሪዋ የመጀመሪያውን ቀለበት ታጠብቃለች። ያ ቀለበት ግን የሚደገፍበት ስለሌለው ተመልሶ ይላላል፤ ሁለተኛውን ከሠራች በኋላ ነው ጠበቅ ማድረግ ያለባት።

ዳንቴል የራሱ ዳኝነት ያስፈልገዋል። ኪሮሽ አንድ ቀለበት ብቻ ስለሚይዝ መላላቱ የሚታየው በቁመት ነው፤ የመጀመሪያውን ቀለበት ከፍ አድርጋ የምታነሣ ሴት ሥራዋ ይረዝማል። ክብ ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ በራሱ መተኛት አለበት። ጠርዙ ከተሞገደ ትርፍ አለው፣ መሐሉ ጎድጉዶ ጠርዙ ከተነሣ ወደ ውጭ ስትሄድ እጇ ጠብቋል ወይም ቆጠራው ጎድሏል። ብቻ በስኳር ውሃ ደርቆ የቀረበ ዳንቴል ላይ ፍርድ አይሰጥም። ታጥቦ፣ ስኳሩ ለቆ፣ ሳይወጠር ደርቆ ይታይ።

ጀማሪ ሥራዋን ይዛ ስትመጣ «ልፍታው ወይ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። የራሷ የአንገት ልብስ ከሆነ አትፍታው፤ ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ መጨረሻው እጇ እንዴት እንደተለወጠ የምታይበት ሌላ መዝገብ የላትም። ለሰው የሚሰጥ ሹራብ ከሆነና ልዩነቱ በ10 ሳንቲ ሜትር ከአንድ ቀለበት ካለፈ ትፍታው። የተፈታው ክር ተጠቅልሎ እንደተጨማደደ ወዲያው መልሶ መርፌ ላይ መግባት የለበትም፤ በወንበር መደገፊያ ላይ እንደ ጉንጉን ተጠምጥሞ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ላላ ተደርጎ ታስሮ፣ ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ፣ በራሱ ክብደት እስኪደርቅ ይሰቀል። የተጨማደደ ክር በራሱ ልክ ስለሌለው ማንም እጅ ላይ ወጥ አይሆንም።

የሕፃን ከሆነ ግን ድርድር የለም። በክረምቱ ብርድ ለአራስ ቤት የሚወሰድ ካልሲ ወይም ኮፍያ ይገልበጥና ጣት በውስጡ ይዙር። የላላ ክር ለሕፃን ጣት ማጥመጃ ነው፤ ቀለም ለመቀየር ተብሎ በጀርባው ላይ ረጅም ተንጠልጥሎ የቀረ ክር ደግሞ ይብሳል። ጣትዎ አንድ ቦታ ላይ ከያዘ፣ ፊቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለሠሪዋ ይመልሱላት።